ድራይሱት ወይስ ዌትሱት? በቀዝቃዛ ውሃ ካያክ ለሚቀዝፉ

ብዙ ገዢ ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀው "ከሁለቱ የቱ ይሞቃል?" ብሎ ነው። ጥያቄው ያሳስታል። ድራይሱት ብቻውን አይሞቅም፤ ውሃ የማያስገባ ስስ ልብስ ነው፣ የሚያሞቀው ከውስጡ የሚደረበው ፍሊስ (ለስላሳ የሙቀት ልብስ) ነው። ዌትሱት ደግሞ ውሃ ያስገባል። ሙቀት የሚይዘው በጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች የተሞላው ኒዮፕሪን የሚባለው ጎማ ሲሆን፣ ገላ ላይ ጥብቅ ስለሚል የገባችው ጥቂት ውሃ እዚያው ታግታ ለብ ትላለች። ይልቅ መጠየቅ ያለበት፣ ካያኩ (ጠባቧ ጀልባ) ቢገለበጥ ምን ያህል በሚቀዘቅዝ ውሃ ውስጥ ለስንት ደቂቃ እቆያለሁ ተብሎ ነው።

ፀሐይ ታታልላለች። አየሩ 20 ዲግሪ ሆኖ ውሃው 8 ሊሆን ይችላል፤ የሚለበሰው ለውሃው ነው። ከ15 ዲግሪ በታች የሆነ ውሃ ውስጥ ድንገት የወደቀ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው መንቀጥቀጥ አይደለም፤ ሳያስበው አየር ስቦ ትንፋሹ ይቆራረጣል። በዚያች ቅጽበት አፉ ከውሃው በታች ከሆነ አለቀ። ትንፋሹ እስኪረጋ 1 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፣ ከዚያ እጁ የሚታዘዝለት ለ10 ደቂቃ ገደማ ነው። ቁጥሮቹ እንደ ሰውየውና እንደ ውሃው ይለያያሉ። በእነዚህ ደቂቃዎች ዌትሱት የለበሰው ቀዝቃዛው ውሃ በአንገቱ ሾልኮ ጀርባው ላይ ሲወርድ ይሰማዋል። ድራይሱት የለበሰው የሚረጥበው ጭንቅላቱና እጁ ብቻ ነው።

እንዲህ ሲባል ዌትሱት አይረባም ማለት አይደለም። ለቀዛፊ የሚመቸው እጅጌ የሌለው ባለ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ነው፤ ወፍራም እጅጌ ትከሻን ያደክማል። ዋጋው ከድራይሱት በብዙ ያንሳል፣ ድንጋይ ቢቀደው እንኳ መሥራቱን አያቆምም። ውሃው መለስተኛ ከሆነና ዳርቻው ቅርብ ከሆነ ይበቃል። ችግሩ ወደ ካያኩ ከተመለሱ በኋላ ነው፤ እርጥብ ልብስ ላይ ንፋስ ሲነፍስ ብርዱ አጥንት ይገባል።

ድራይሱት ለመግዛት ከወሰናችሁ ገንዘባችሁን ቀለሙ ላይ አታባክኑ። አንገቱን እዩ። የላቴክስ (የስስ ጎማ) አንገት ውሃ ጨርሶ አያሳልፍም፣ ግን ያንቃል፤ የፀሐይ መከላከያ ቅባትና ፀሐይ ያበላሹታል፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም መቀየር አለበት። አዲስ ሆኖ ቢያንቃችሁ ለመቁረጥ አትቸኩሉ፤ ድስት ላይ ወጥራችሁ አሳድሩት። የኒዮፕሪን አንገት ያለው "ሴሚ ድራይ" ቀኑን ሙሉ ይመቻል፣ ግን ያንጠባጥባል። ከካያኩ ሳትወጡ ተገልብጦ መነሳት የምትለማመዱ ከሆነ ላቴክሱን እመርጥላችኋለሁ፤ ጸጥ ባለ ሐይቅ ላይ ለሚውል ግን ሴሚ ድራዩ አያሳፍርም።

ጨርቁ እንደ ጎርቴክስ ላብ የሚያስወጣ ቢሆን ይሻላል። የማያስወጣው ርካሽ ነው፣ ግን አንድ ሰዓት ከቀዘፉ በኋላ ልብሱ ያፈሰሰ እስኪመስል ከውስጥ ይረጥባል። ከልብሱ ጋር የተሰፋ ካልሲ ያለውን ውሰዱ። ለሽንት የሚከፈተውን ዚፕ ለመቆጠብ ብሎ የሚተው ሰው፣ ሦስተኛው ሰዓት ላይ ይጸጸታል።

ስለ ዋናው ዚፕ የምናገረው ከደረሰብኝ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ጣት ያህል ሳይዘጋ ቀርቶ ካያኩ ገለበጠኝ። ውሃው እግሬ ውስጥ ተጠራቀመ። ውስጡ የገባ ውሃ እንደ ድንጋይ ወደ ታች አይጎትትም፤ ዳር ስደርስ ግን እግሬን አንስቼ መውጣት አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ ጓደኛዬ ዚፔን በእጁ ዳስሶ ሳያይልኝ አልገባም። የብረት ዚፕ ጠንካራ ነው፣ ሰም ይፈልጋል፣ አጥፈው ሲያስቀምጡት ይሰበራል። የፕላስቲኩ ይቀላል፣ ይተጣጠፋል፤ ጫፉ ላይ ግን ቅባት ካጣ ይይዛል።

ስትለኩት ፍሊስ ደርቡ፣ ቁጢጥ በሉ፣ ክንዳችሁን ከራስ በላይ ዘርጉ። ከውስጥ ጥጥ አይለበስ፤ ላይፍ ጃኬቱም ሁልጊዜ ከላይ ይደረብ። ከመግባታችሁ በፊት ቁጢጥ ብላችሁ አንገቱን በጣት ከፈት አድርጉት፤ ውስጡ የቀረው አየር ፉጭ ብሎ ይወጣል፣ አለዚያ ስትገለበጡ ወደ እግር ይሄዳል። የመጀመሪያው ቀን ሙከራ ወገብ በሚደርስ ውሃ ይሁን። ስትወጡ ካልሲው ረጥቦ ካገኛችሁት፣ ጨርቁን ከመውቀሳችሁ በፊት ዚፑን ተመልከቱ።