ድመቷን ሌባ ያደረጋት አላርም

«እስከ 25 ኪሎ የሚመዝን የቤት እንስሳ ቢያልፍ አይጮህም» ይላል የሌባ አላርማችን ካርቶን። የእኛ ድመት ግፋ ቢል ሦስት ኪሎ ብትሆን ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰፈሩን የምታስነሳው ግን እሷ ናት።

አላርሙን ከገዛሁት ክረምትም በጋም አልፎበታል፤ ስለዚህ «ገና አልለመድከውም» የሚለኝ አይኖርም። ሲም ካርድ የሚገባበት ዋና ሳጥን፣ ሳይረን፣ ሪሞት፣ ለበሮች ማግኔት፣ ለሳሎን ደግሞ አንድ የእንቅስቃሴ ሴንሰር አለው። መብራት ሲጠፋ በባትሪ ይሠራል፣ ሲም ካርዱ ሂሳብ ካለው ስልኬ ላይ ይደውላል። እስከዚህ ድረስ ደህና ነው።

ጣጣው ያ ሴንሰር ነው። ሚዛን የለው፣ ካሜራ የለው፣ ኪሎ በምን ያውቃል? የሚጠብቀው ከገላ የሚወጣውን ሙቀት፣ ማለትም በዓይን የማይታየውን ኢንፍራሬድ ጨረር ነው። ፊቱ ላይ ያለው ነጭ ፕላስቲክ ሌንስ ክፍሉን በየመስመሩ ይከፋፍልለታል። ትኩስ ነገር ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ሲሻገር የሙቀቱ መጠን ይለዋወጥበታል፣ ያኔ ይጮሃል። 25 ኪሎ የተባለው ወለል ወለሉን ለሚሄድ እንስሳ ነው፤ ሌንሱ ወደ ታች ብዙም እንዳያይ ተደርጎ ስለሚሠራ። ድመት ደግሞ መቼ ነው ወለል ላይ የምትቀመጠው? ቡፌው ላይ ዘላ ወጣች ማለት ሴንሰሩ አፍንጫ ሥር ደረሰች ማለት ነው። እዚያ ላይ ሆና ከሰው በምን ትለያለች?

ወንድሜ ሻጩ፣ አሁን ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ። «ሴንሲቲቪቲውን፣ ማለትም ንቃቱን ቀንሰው።» ቀንሼዋለሁ። ክዳኑን ከፍቼ ውስጥ ያለችውን ትንሽ መሰኪያ ቦታዋን ቀይሬያለሁ። ከዚያ በኋላ እኔ ራሴ ሳሎኑን አቋርጬ ሶፋው ጋ እስክደርስ ዝም አለኝ። ድመቷን እምራለሁ ብሎ ሌባውንም ማረው።

«እንግዲያው ዱዋል ቴኩን ውሰድ» ልትለኝ ነው። ከሙቀቱ በተጨማሪ በማይክሮዌቭ እንቅስቃሴ የሚለየውን፣ ሁለቱ ካልተስማሙ የማይጮኸውን ማለትህ ነው። ፀሐይ ወይም የሚወዛወዝ መጋረጃ በውሸት እንዳያስጮኸው መፍትሔ ይሆናል፣ አልክድም። ድመት ግን ትሞቃለችም፣ ትንቀሳቀሳለችም። ሁለቱም ይስማሙባታል! በነገራችን ላይ፣ ሴንሰሩን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ትይዩ የሰቀለው ያንተው ቴክኒሻን ነው። መስኮት ፊት ለፊት አትስቀሉ የሚለው መመሪያ እኮ ከዕቃው ጋር አብሮ የመጣ ነው።

ከሁሉም በላይ ያበሸቀኝ የጎረቤት ነገር ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሲጮህ ሰው ዱላና ባትሪ ይዞ ይወጣ ነበር። ዘበኛችን በር በሩን ይሮጣል፣ ውሻ ይጮሃል፣ እኔ በፒጃማ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አሁን ማንም አይወጣም። አጥር የምንጋራቸው እማማ አንድ ቀን ጠዋት ጠርተውኝ «ልጄ፣ ይሄ ነገርህ ሌባ ሲመጣም ይጮሃል ወይስ ለድመቷ ብቻ ነው?» አሉኝ። ምን እመልሳለሁ?

የበሮቹ ማግኔቶች ግን ይባረኩ። አንድም ቀን በውሸት አልጮኹም። በበሩ ላይ ማግኔት አለ፣ በመቃኑ ላይ ደግሞ በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ሁለት ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች አሉ። በሩ ሲዘጋ ማግኔቱ ያገናኛቸዋል፣ ሲከፈት ይለያያሉ፣ አለቀ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ አውጉስተስ ፖፕ የተባለ የማሳቹሴትስ ሰው በርና መስኮት ሲከፈት የሚደውል የኤሌክትሪክ አላርም ፓተንት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1853 ነው። ያ ሁሉ ዘመን አልፎም ከእኔ «ስማርት» ሴንሰር ይሻላል።

አሁን ማታ ማታ ሴንሰሩን አጥፍቼ በማግኔቶቹ ብቻ ነው የምንተኛው። ቤት ድመት ያለው ሰው ቢጠይቀኝ የምለው ይሄንኑ ነው፦ ለእንቅስቃሴ ሴንሰር የምታወጣውን ብር ለመስኮቶች ማግኔት አድርገው። ሻጩ «ሙሉ ፓኬጅ ካልሆነ አልሸጥም» ካለህ ቀጣዩ ሱቅ ግባ። የእኔን ሴንሰር የሚፈልግ ካለ ደግሞ በግማሽ ዋጋ እሰጣለሁ፣ ድመት የሌለው ከሆነ።