የጅማ ገበያ ዱባ ለሃሎዊን ፋኖስነት ሲመዘን

ሃሎዊን፣ ፊት የተቀረጸበት የዱባ ፋኖስ የሚበራበት የፈረንጆች በዓል፣ በእነሱ ኦክቶበር 31፣ አብዛኛውን ጊዜ በእኛ ጥቅምት 21 ይውላል። ክረምቱ ወጥቶ ዱባ የሚደርስበት ሰሞን ስለሆነ ለጅማ ሰው ቀኑ ገጥሟል። በትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ክበብም ሆነ ከውጭ ከመጡ እንግዶች ጋር ሊያከብር ያሰበ ሰው የፕላስቲክ ፋኖስ ከመግዛቱ በፊት የሐሙስ ገበያን ዱባ ይመልከት።

በአየርላንድና በስኮትላንድ ፋኖሱ ይፈለፈል የነበረው ተርኒፕ ከሚባል ሥራ ሥር ነው፤ በዱባ የተተካው ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ ነው። አሜሪካኖች ለፋኖስ ብለው የሚያመርቱት ዱባ ሥጋው ውሃማና ክር የበዛበት ስለሆነ ብዙው ሳይበላ ይጣላል። የእኛው ዱባ ሥጋው ወፍራምና ጣፋጭ፣ ቆዳው ደንዳና ነው። ለመቅረጽ ያደክማል፣ ለወጥ ግን አቻ የለውም። ከአምስት ነጥብ አራቱን የሰጠነው ለዚህ ነው፤ አንዱን ነጥብ የቀነሰው ድንዳኔው ነው።

ሲገዙ ከ4 እስከ 6 ኪሎ የሚመዝን፣ ቂጡ ጠፍጣፋ የሆነ ይምረጡ። ጥፍር የማይበሳው ቆዳ መብሰሉን ያሳያል። ጉቶው ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ሊቀርለት ይገባል፤ ጉቶው የተነቀለ ዱባ መበስበስ የሚጀምረው ከዚያው ከቁስሉ ነው። ጉቶውን ይዞ ማንጠልጠልም ይገነጥለዋልና ከሥር አቅፈው በዘንቢል ወይም በኬሻ ይውሰዱት።

አብዛኛው ሰው ክዳኑን ከላይ ይቆርጣል። እኛ የምንመርጠው ከሥር መክፈትን ነው፤ ሻማው መሬት ላይ ከበራ በኋላ ዱባው ከላይ ይደፋበታል፣ እጅም እሳት ውስጥ አይገባም። ከላይ መክፈት የፈለገ ቢላውን ወደ መሃል አዘንብሎ ይቁረጥ። ቀጥ ተደርጎ የተቆረጠ ክዳን ዱባው ትንሽ ሲሟሽሽ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ከሥር ከተከፈተ ደግሞ አናቱ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል የጭስ መውጫ ያስፈልጋል፤ ያለሱ ነበልባሉ አየር አጥቶ ይጨሳል፣ የውስጡን ጣሪያም ያጠቁረዋል።

ትልቁ ሥራ መፋቅ ነው። ግድግዳው ብዙ ጊዜ 4 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ በዚህ ውፍረት ዓይንና አፍ ቢወጣለት ብርሃኑ ታፍኖ ይቀራል። ፊቱ የሚቀረጽበትን ጎን በጠንካራ የብረት ማንኪያ እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ያቅጥኑት። ከዚያ በታች ከወረደ በሁለተኛው ቀን ይጨማደዳል። ለቅርጹ ትልቅ የወጥ ቤት ቢላ አይሆንም፤ ደንዳናው ቆዳ ላይ ተንሸራትቶ እጅ ይቆርጣል። ጫፉ በጨርቅ የተጠቀለለ የብረት መጋዝ ምላጭ ይሻላል። ጥርሶቹን ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር ያስፏቸው፣ ከቀጠኑ ይሰበራሉ።

የተፋቀው ሥጋ ሻማ ሳይበራ፣ እዚያው በዕለቱ ድስት መግባት አለበት። የዱባ ወጥ የጾም ነውና ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ቢውልም አይባክንም። ፍሬውን አጥበው በ1 ሊትር ውሃና በ2 የሾርባ ማንኪያ ጨው 10 ደቂቃ ይቀቅሉት፤ አጠንፍፈው አድርቀው በለዘብተኛ እሳት ምጣድ ላይ ሲቆሉት ጥሩ ቆሎ ይወጣዋል። እሳቱ ከበረታ ቅርፊቱ ያርርና ውስጡ ጥሬ ይቀራል።

ለብርሃኑ የንብ ሰም ይመረጣል፤ ጅማና አካባቢዋ የማር አገር ናቸው፣ የሱቅ ሻማ ግን አብዛኛው ከነዳጅ የሚወጣ ፓራፊን ነው። ቀጭን ጧፍ በሙቀቱ ይጎብጣል። ሰሙን አቅልጠው ባዶ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ውስጥ ከክር ጋር ያፍስሱት። በርጩማ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ከሥሩ የሸክላ ሳህን ይደረግ፤ የደረቀ የኮባ ቅጠልም አጠገቡ አይሰቀል።

የተቀረጸ ዱባ በጅማ እርጥበት ከ3 እስከ 5 ቀን ቢቆይ ነው፣ ስለዚህ ከዋዜማው በፊት አይቅረጹት። በበረኪና ማጠብ ሻጋታውን ያዘገየዋል፣ ነገር ግን ከብት እንዳይበላው ያደርጋል፤ ባይነካው እንመርጣለን። ጨርሶ ምንም እንዳይባክን የሚፈልግ ሰው ዱባውን ሳይቆርጥ የከሰል ዱቄት በቀጭን የዱቄት ሙቅ ለውሶ ፊት ይሳልበት። በዓሉ ሲያልፍ ይታጠባል፤ ደረቅና ነፋሻ ቦታ ከተቀመጠ ለሳምንታት ይቆያል፣ ሙሉውም ይበላል። ለትንንሽ ልጆች ይህኛው ከሁሉም ይሻላል።

የሱቁ የፕላስቲክ ፋኖስ ቀላል ነው፣ አይበሰብስም፣ እሳትም የለበትም። ሆኖም የብዙዎቹ ባትሪ እንደ ቁልፍ ክብና ትንሽ ነው፤ ሕፃን ከዋጠው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ያቃጥላል። ሲሰበርም ቦይ ውስጥ ከተጣለ ጎርፉ ወደ አዌቱ ወንዝ ይወስደዋል። ለጭምብል ካርቶን ይበቃል።

ፋኖሱ ሲያበቃ ሰምና ጥላሸቱን ፍቀው ለከብት ይስጡት፤ የሻገተውን ግን ቆራርጠው ለኮምፖስት ያውሉት። ዱባ ብቻውን ከተከመረ ውሃው በዝቶ ይሸታል። ለአንድ ባልዲ ዱባ ከቡና መቀሸሪያ የመጣ ደረቅ ገለባ ሁለት ባልዲ ይቀላቅሉና ላዩን አፈር ያልብሱት። ከእሸት ቡና መፈልፈያ የሚወጣው ልጣጭ ራሱ እርጥብ ስለሆነ አይተካውም። ፍሬም አይቅርበት፤ በመጀመሪያው ዝናብ ክምሩ ላይ ይበቅላል።