ሂርማታ ያለችው ፎቶ ቤት

ጅማ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አሳምሮ የሚያትም ለምትፈልጉ፣ ሂርማታ ያለችውን ትንሿን ፎቶ ቤት ልጠቁማችሁ። እኔና ጓደኞቼ የቡና ለቀማን በጋራ አንስተን ነበር። ሐሳቡን ያገኘነው እ.ኤ.አ. በ1950 ከተመሠረተው ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ጥበብ ፌዴሬሽን፣ ከፊያፕ ነው። በሱ ውድድር አገሮች በቡድን ይገጥማሉ። የአንድ ሰው ፎቶ ብቻውን ማማሩ አይበቃም፤ የቡድኑ ሥራዎች ተያይዘው አንድ መምሰል አለባቸው።

ባለሙያዋ ይሄ ወዲያው ገባት። ፎቶዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ የአንዱ ጥቁር ወደ ቡናማ እንዳደላ አየች። ሳንጠይቃት እንደገና አተመችው። የለቃሚዋ ጣት ላይ ያለው ጭረት ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጥቷል። እጇ ይባረክ!

ወረቀቱ ግን አንጸባራቂ ብቻ ነው፤ መስታወት ውስጥ ሲገባ ዓይን ይወጋል። የማያብለጨልጭ ብታስመጣ ደስ ይለኛል። ዋጋዋ አይጎዳም። ቅዳሜ ወረፋ አለ፣ በሥራ ቀን ሂዱ።