ለእንቁላል ጣይ ዶሮ የትኛው አምፖል ይሻላል? ቢጫው፣ ኒዮን ወይስ ኤልኢዲ

አዲስ አበባና ቢሾፍቱ ላይ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። መጣል የጀመረች ቄብ ግን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች። ጉድለቱን የሚሞላው አምፖል ነው። ብዙ ሰው አምፖሉን የሚመርጠው በራሱ ዓይን ነው፤ ስህተቱም ከዚያ ይጀምራል። ዶሮ እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ታያለች፤ መብራት ሲርገበገብም ከእኛ ቀድማ ታውቃለች።

ኒዮኑን የማልመክረው ለዚህ ነው። የድሮው ዓይነት ባላስት (ወደ ቱቦው የሚገባውን ኤሌክትሪክ የሚመጥነው ዕቃ) ያለው ኒዮን በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ቱቦው ሲያረጅ ደግሞ ይብስበታል።

ቢጫው፣ ማለትም ውስጡ ክር ያለው የድሮው አምፖል፣ ብርሃኑ መልካም ነው። ቀይ ጨረር ይበዛበታል፤ ቀይ ጨረር የራስ ቅልን አልፎ አንጎል ውስጥ ስለሚደርስ መጣልን ያነቃቃል። ነገር ግን አብዛኛው ኃይሉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል፤ ዕድሜውም 1,000 ሰዓት ገደማ ነው። በቀን 3 ሰዓት ብቻ ቢበራ እንኳ ዓመት ሳይደፍን ይቃጠላል። በመጣል ላይ ያለች ዶሮ ብርሃን ሲጎድልባት እንቁላል ትቀንሳለች፣ ላባዋንም ልታራግፍ ትችላለች።

ስለዚህ ምርጫዬ ሞቅ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ቀለም ያለው ኤልኢዲ ነው፤ 9 ዋቱ የ60 ዋቱን ቢጫ አምፖል ይተካል። ርካሹ ኤልኢዲም ሊርገበገብ ስለሚችል ሱቁ ውስጥ አስበርተው በስልክዎ ካሜራ ይመልከቱት። ጥቁር መስመር ከሮጠበት ይተዉት። አቧራ የማያስገባ፣ የሚወለወል ሽፋን ያለውን ይምረጡ። ጉልበቱንም አያብዙ፤ ኃይለኛ ብርሃን ላባ መነጫጨትንና መነካከስን ያባብሳል።

ሌሊቱን ሙሉ የሚያበሩ አርቢዎች ያሳዝኑኛል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው፤ ዶሮ እንቅልፍ ያስፈልጋታል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለእንቁላል ጣይ ዶሮ የቀኑን አንድ ሦስተኛ ያህል ያልተቋረጠ ጨለማ ያዛል።

ከአምፖሉ እኩል የሚያስፈልገው ታይመር ነው። መብራቱን ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስኪነጋ ያብሩት። ማታ አብርተው ድንገት ካጠፉት ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ሳይወጡ ይጨልምባቸዋል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ራሳቸው ይሰፍራሉ። ታይመሩ የራሱ ባትሪ ይኑረው፤ ያለዚያ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ይዛባል፣ ንጋቱም ይዛባባቸዋል።