ባሕር ዳር አባይ ማዶ ያሉትን መካኒክ ላመሰግን፣ መኪና ላላችሁም ልጠቁም

ይህን ጽሁፍ ሁለት ወር አዘገየሁት። ከጋራዥ የወጣች መኪና የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሁሌም ጥሩ ናት። ዳገት ሳትወጣ፣ የቀትር ሙቀት ሳያገኛት ማመስገን አልፈለግሁም። አሁን ሁለቱንም አይታለች።

መኪናችን የ2003 ሞዴል ኮሮላ ናት። ልጆች ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ እናቴን ሐኪም ቤት ታመላልሳለች። ባለፈው ዓመት ውኃ መቀነስ ጀመረች። ያኔ የምናሠራበት ጋራዥ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ ውኃው ወደ ራዲያተር እንዲያልፍ የሚያደርገውን) እና የውኃ ፖምፓውን ቀየረልን። «ኦርጂናል ነው» ተባልን፣ የኦርጂናል ዋጋ ከፈልን። ካርቶኑን አላየንም። የወጣውን አሮጌ ዕቃም አልጠየቅንም።

ለጥምቀት ወደ ጎንደር ስንወጣ፣ አዲስ ዘመን ከተማን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር፣ የሙቀቱ መርፌ ተነሳ። ባለቤቴ ጥግ ይዞ እስኪያቆም ድረስ ቀዩ ላይ ደርሶ ነበር። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይወጣል። እናቴ ነጠላዋን ይዛ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። በጭነት መኪና ተጎትተን ባሕር ዳር ተመለስን፤ በዓሉን ቤታችን ዋልን።

ጋራዡ «ሞተሩ አልቋል፣ ያገለገለ ሞተር ፈልጉ» አለን። የጠሩልን ዋጋ እንቅልፍ የሚነሳ ነበር። የእህቴ ባል ሚኒባስ ይነዳል። «አባይ ማዶ አንድ ሰው አሉ። እሳቸው ሳያዩት አንድ ብር እንዳታወጡ» ብሎ አስቆመን። እግዜር ይስጠው።

ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ሰፈሩም ተማሪዎቻቸውም እንዲያ ነው የሚጠሯቸው። ጋራዣቸው በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው። መሃሉ ላይ የማንጎ ዛፍ አለ፤ ከሥሩ አንዲት እናት ቡና ያፈላሉ። መጀመሪያ መፍቻ አላነሱም። ወንበር ሰጥተውኝ ጠየቁኝ፦ ስንት ደቂቃ ሙቀት ላይ ነዳችሁ? ውኃ ስትጨምሩ ሞተሩ ቀዝቅዞ ነበር ወይ? ዘይቱ ላይ ወተት የመሰለ ነገር አያችሁ? ማንም እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም።

ቴስታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሲወርድ ቀጥ ያለ ብረት ላዩ ላይ አጋደሙ። ከዚያ ስስ የብረት ምላስ በመሃል እያስገቡ ለኩ። «የሚፈቀደው ክፍተት 0.05 ሚሊሜትር ነው» አሉኝ። ምላሱ ግን መሃል ላይ ያለ ምንም ትግል ገባ። «እታለም፣ ሞተሩ አላለቀም። ቴስታው ጎብጧል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጥሏል። የሞተር ብረት በማሽን የሚስተካከልበት ሬቲፊካ ቤት ሄዶ ይላጋል፣ ይመለሳል።» እውነቱን ለመናገር እዚያው አለቀስኩ።

ከዚያ ያሳዩኝን መቼም አልረሳውም። የእኛን ቴርሞስታት በሽቦ አንጠለጠሉ። ከጎኑ ደግሞ ከሌላ ኮሮላ የወጣ አሮጌ ኦርጂናል ቴርሞስታት አንጠለጠሉ። ሁለቱም ላይ 82 የሚል ቁጥር ተቀርጿል። ያ ማለት ውኃው 82 ዲግሪ ሲደርስ መከፈት ይጀምራሉ ማለት ነው። የቡናዋን እናት ከሰል ተዋሱ፣ ድስት ጣዱ፣ ሁለቱን ውኃው ውስጥ ዘፈቁ፣ ቴርሞሜትርም ጨመሩ። ዙሪያውን ከበን ቆምን። 82 አካባቢ ሲደርስ አሮጌው ቀስ ብሎ አፉን ከፈተ። የእኛ ዝም አለ። 90 አለፈ፣ አሁንም ዝም። ውኃው ሲንተከተክ ገና የጥፍር ያህል ተከፈተ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውኃ እዚህ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ያ የጥፍር ያህል ክፍተት ነው ዳገቱ ላይ ሞተራችንን ያበሰለው። አዲስ ተብሎ የተገጠመው ዕቃ ብዙ ዓመት ካገለገለው አሮጌ አነሰ!

እኔም የፈራ ሰው የሚለውን አልኩ፦ «ጋሼ፣ በቃ ሁሉንም ኦርጂናል ያድርጉልኝ።»

«አይሆንም» አሉ። «ገንዘብሽን ያለ ቦታው ልታፈሽው ነው።»

የዚህ ጽሁፍ ዋና ጉዳይ ይኸው ነው። እኛ ኦርጂናል ወይስ ኮፒ ብለን ሁለት መንገድ ብቻ እናውቃለን። እሳቸው ግን ስለ እያንዳንዱ ዕቃ አንድ ነገር ይጠይቃሉ፦ ይሄ ቢበላሽ ሌላ ምን ይዞ ይሄዳል? ቴርሞስታት ቢበላሽ ቴስታ ይዞ ይሄዳል። ጓርኒሲዮን ቢበላሽ ውኃና ዘይት ይቀላቀላል፣ የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ብሮንዚና ያልቃል። ስለዚህ እነዚህ ላይ ድርድር የለም። ሞተሩ የሚቀመጥበት የሞተር ጎማ ግን ቢበላሽ ንዝረት ነው የምታገኚው፤ መሪው ላይ ይሰማሻል፣ ጊዜ ይሰጥሻል፣ መጥተሽ ትቀይሪያለሽ። ለእሱ «ታይዋን» የሚባለው ደህና ኮፒ ይበቃል አሉ። የአየር ፊልትሮም እንደዚያው፤ ዙሪያውን ያለው ጎማ ቤቱ ላይ በደንብ ከገጠመ ደረጃው ደህና የሆነ ኮፒ ይሠራል። ካልገጠመ ግን አቧራው በጎን ገብቶ የፒስተኑን ፋሻ ይበላል። ስለዚህ ከመግዛታቸው በፊት ቤቱ ላይ አስቀምጠው በጣታቸው ዙሪያውን ዳሰሱት።

ከሁለቱ መካከል ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እኔ አላውቀውም ነበር። ቶዮታ ሁሉንም ዕቃ ራሱ አይሠራም። የውኃ ፖምፓ አይሲን ይሠራለታል፤ ዴንሶም በ1949 እ.ኤ.አ. ከቶዮታ ወጥቶ የተቋቋመ ድርጅት ነው። እነዚህ ድርጅቶች ዕቃቸውን በራሳቸው ካርቶንም ይሸጣሉ። የቶዮታ ማህተም ስለሌለው ዋጋው ይቀንሳል። ፖምፓችን በአይሲን ካርቶን የመጣው ነው። በቶዮታ ካርቶን ከሚሸጠው በጣም ረከሰልን። ጋሼ ቢፈልጉ ውዱን አስገዝተው ኮሚሽን መቀበል ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ከሻጩ ምንም አይወስዱም። ሱቅ አብረው ይሄዳሉ፣ ዕቃውን ያያሉ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ብለው ይቆማሉ። ዋጋ የምንነጋገረውም፣ ደረሰኝ የምንቀበለውም እኛ ነን።

ካርቶን ብቻውን እንደማይታመንም እዚያው ሱቅ አየሁ። ቴርሞስታቱን ሲያወጣልን ካርቶኑ የሚያምር ነበር። ጋሼ ዕቃውን መዳፋቸው ላይ ገለበጡት፣ የጎማውን ቀለበት በጥፍራቸው ጫን አሉት፣ ብረቱ ላይ የተቀረጸውን አነበቡ። ከዚያ በመኪናችን ሻሲ ቁጥር ያወጡትንና ወረቀት ላይ የጻፉትን የዕቃ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። የቶዮታ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ አምስት አምስት ሆኖ የሚጻፍ 10 አሃዝ ነው። አንዱ አሃዝ አልገጠመም። ሻጩን አልተቆጡትም፣ አላዋረዱትም። «ይሄ የእኛ አይደለም፣ ሌላ አለህ?» ብቻ አሉት። በሦስተኛው ሱቅ አገኘን።

የራዲያተር ክዳንም ቀየሩ። እኔ ክዳን ክዳን ነው ብዬ ነበር። ክዳኑ ግፊት ይዞ ውኃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርግ ነው። የእኛ ላይ 1.1 የሚል ተጽፏል፤ ያን ግፊት በትክክል ከያዘ ውኃው 110 ዲግሪ እንኳ አልፎ አይፈላም። የክዳኑ ሞላ ከላላ ግን እንደ ድስቱ 94 ላይ ይንተከተካል። እንደ እኛ ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው ይህች ርካሽ ዕቃ ትልቅ ነገር ናት። የቧንቧ ውኃ ብቻ መሙላትም ከለከሉን፤ ዝገት ያመጣል፣ ኩላንት ግዙ አሉ።

የቴስታውን ብሎኖች አንድ በአንድ ለኩ። ሁለቱ ተለጥጠው ስለነበር ሙሉውን አስቀየሩን። ሲያጠብቁ ደግሞ በጉልበት አይደለም። በቶርክ መፍቻ 49 ኒውተን ሜትር ድረስ፣ ከመሃል ወደ ዳር በተራ፤ ከዚያ እያንዳንዱን በቀለም ምልክት አድርገው ሌላ 90 ዲግሪ አዞሩት። አንዱ ተማሪያቸው ቸኩሎ ተራ ሊዘል ሲል እጁን ያዙት፤ ምንም አላሉም፣ ወደ ትክክለኛው ብሎን መለሱለት።

አጠቃላይ ወጪው ያገለገለ ሞተር ከተጠየቅንበት ከግማሽ በታች ሆነ። አሮጌዎቹን ዕቃዎች በሙሉ በፌስታል አድርገው ሰጡኝ፤ ያችን ቴርሞስታትም ጭምር። ለዘይት ለውጥ የተቀበሉን ገንዘብ ስለተረፈም ራሳቸው ደውለው መለሱልን።

እዚህ ስማቸውንና ስልካቸውን አልለጥፍም፤ ሳላስፈቅዳቸው ደስ አይለኝም። የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አቅጣጫውን እነግረዋለሁ። እሑድ አይሠሩም። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፤ ከሰዓት ይጨናነቃሉ። «ዛሬውኑ ይድረስልኝ» የምትሉ ከሆነ አትሂዱ፤ እሳቸው ሳይለኩ አይገጥሙም። እኛን ስምንት ቀን አስጠብቀውናል።

ተማሪዎቹንም አመሰግናለሁ። በተለይ ቴስታውን ተሸክሞ ሬቲፊካ ቤት ያደረሰውንና ወረፋ ይዞ የዋለውን ልጅ። የቡናዋን እናትም፣ ለከሰላቸውና ለድስታቸው።

ጋሼ፣ ፌስቡክ እንደማይወዱ አውቃለሁ፤ ልጆቹ ያነቡልዎታል። ባለፈው ቅዳሜ እናቴን ይዘን ጎንደር ወጣን። አዲስ ዘመንን ስናልፍ ሁላችንም ዝም ብለን መርፌውን እናይ ነበር። ከመሃል አልተነቃነቀም። እናቴ ያ ድንጋይ ጋ ስንደርስ መርቃዎታለች።