ከተኛ የማይነቃው ሞኒተር

ይህ 27 ኢንች ሞኒተር ጠረጴዛዬ ላይ ከተቀመጠ ወራት አልፈዋል። ስለ ምስሉ ብዙ የምለው የለኝም፤ ጥራቱ 2560 በ1440 ፒክስል ነው፣ በ144 ኸርዝ ይሠራል (ማለትም ምስሉን በሴኮንድ 144 ጊዜ ያድሳል)፣ ፊደል ጥርት ብሎ ይነበብበታል። እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን አንድ ክፉ ጠባዩ ነው፤ አንዴ ከተኛ አይነቃም ነበር። ኮምፒውተሩ ሳይነካ ቆይቶ ስክሪኑ ከጠፋ በኋላ ማውሱን ሳንቀሳቅስ፣ ጥቁሩ ገጽ ላይ «ሲግናል የለም» የሚል ትንሽ ሳጥን ከወዲያ ወዲህ ይንሳፈፋል፤ ጥቂት ቆይቶም የማብሪያው መብራት ከሰማያዊ ወደ ብርቱካናማ ይቀየርና ሞኒተሩ ተመልሶ ያንቀላፋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ኮምፒውተሩ በሥራ ላይ ነው። ካፕስ ሎክን ስጫን የኪቦርዱ መብራት ይበራል፣ ደግሜ ስጫን ይጠፋል፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል ማለት አይቻልም።

ይህን ለሻጭ ብነግረው የሚሰጠኝን መልስ ከወዲሁ አውቀዋለሁ፤ «ኬብሉ ነው፣ ሌላ ግዛ» ይለኛል። ኬብልን መጠርጠር በራሱ ጥፋት አይደለም። በተለይ እኔ በምጠቀምበት በዲስፕሌይፖርት (ምስልን ከኮምፒውተር ወደ ሞኒተር በሚያደርሰው አንዱ የመገናኛ ዓይነት) በኩል፣ በደረጃው መሠረት ከጫፍ ጫፍ መገናኘት የሌለበትን 20ኛውን ፒን (በኬብሉ ራስ ውስጥ ካሉት ትንንሽ የብረት መገናኛዎች አንዱን) የሚያገናኙ ርካሽ ኬብሎች አሉ፤ በዚያ ፒን በኩል የሞኒተሩ 3.3 ቮልት ምስሉን ወደሚያዘጋጀው የኮምፒውተሩ ክፍል፣ ወደ ግራፊክስ ካርዱ፣ ስለሚገባ ኮምፒውተሩ አልነሣም እስከማለት ሊደርስ ይችላል። ነገር ግን ሻጩ አንድ ነገር ይመልስልኝ። በዚህ ጥራትና በ144 ኸርዝ ምስል ሲተላለፍ በሴኮንድ ወደ 14 ጊጋቢት የሚጠጋ መረጃ በኬብሉ ያልፋል፤ ይህን ጭነት ከጠዋት እስከ ማታ ያለ አንዳች ችግር የተሸከመ ኬብል፣ ስክሪኑ ትንሽ ባረፈ ቁጥር ብቻ የሚበላሸው በምን ምክንያት ነው? የደከመ ኬብል በሥራ መካከል ነው የሚያስቸግረው፤ ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ለቅጽበት ይጠቁራል ወይም ነጠብጣብ ያሳያል። ያም ሆኖ አጠር ያለና የተመሰከረለት ኬብል ቀይሬ ሞክሬያለሁ። የሞኒተሩ ሶኬቶች ወደ ታች ስለሚያዩ፣ የኬብሉን ራስ ቆልፎ የሚይዘውን መንጠቆ በጣት እየዳበሱ ተጭኖ መንቀል የራሱ ትግል ነበረው፤ ውጤቱ ግን ያው ሆነ።

«እንግዲያው በኤችዲኤምአይ ተጠቀም» የሚለው ሁለተኛው ምክር ደግሞ የበለጠ ያናድደኛል። በዚህ በሌላው የመገናኛ ዓይነት፣ በኤችዲኤምአይ፣ ሲገናኝ ሞኒተሩ በእርግጥ ያለ ችግር ይነቃል፤ ይሁን እንጂ እዚህ ሞኒተር ላይ ያሉት ሁለቱ የኤችዲኤምአይ ሶኬቶች ስሪታቸው 1.4 ስለሆነ የእያንዳንዱ ጠቅላላ አቅም በሴኮንድ 10.2 ጊጋቢት ነው፣ ከዚያም ውስጥ ለምስሉ የሚተርፈው 8.16 ብቻ ነው። ስለዚህ በሙሉ ጥራቱ 75 ኸርዝ ላይ ይቆማል። የገዛሁት ስለ 144ቱ ስል ነው፤ ግማሹን ትቼ እንድኖር የሚመክረኝ ሰው የገንዘቤንም ግማሽ ሊመልስልኝ ይገባል።

ግራፊክስ ካርዱንም በየተራ ፈትሼዋለሁ። ኬብሉ በማዘርቦርዱ ሶኬት ሳይሆን በካርዱ ላይ መሰካቱን አረጋገጥኩ፣ ወደ ሌላው የዲስፕሌይፖርት ሶኬትም አዛወርኩት፣ ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኜ የግራፊክስ ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) እንደገና አስጀመርኩት። አጭር ድምፅ ተሰማ፤ ስክሪኑ ግን እንደ ጠቆረ ቀረ። ፍንጭ ያገኘሁት የሞኒተሩን የኃይል ገመድ ከግድግዳው ነቅዬ ጥቂት ካቆየሁ በኋላ መልሼ ስሰካው ነው፤ ኮምፒውተሩን ጨርሶ ሳልነካው ምስሉ መጣ። በማብሪያው ቁልፍ ማጥፋትና ማብራት ይህን አያደርግም፤ ቁልፉ ሞኒተሩን ስታንድባይ ላይ ያውለዋል እንጂ ከኃይል አያላቅቀውም። ከዚህ በኋላ ኬብሉም ካርዱም ነፃ ናቸው፤ የታመመው ራሱ ሞኒተሩ ነው።

የችግሩ አሠራር እንዲህ ነው። በዲስፕሌይፖርት ሞኒተሩ መኖሩን ለኮምፒውተሩ የሚያሳውቅበት ሆት ፕለግ ዲቴክት የሚባል የራሱ መስመር አለው፤ ሊያሳየው የሚችለውን ጥራትና ፍጥነትም ኮምፒውተሩ በሌላ ረዳት መስመር ያነብና፣ ሁለቱ በስንት ፍጥነት እንደሚገናኙ ከተስማሙ በኋላ ነው ምስል የሚላከው። ሞኒተሩ ዲፕ ስሊፕ ወደሚባለው ጥልቅ እንቅልፍ ሲገባ ይህን ክፍል ጭምር ያጠፋል፤ በዚህ ጊዜ ኮምፒውተሩ ኬብሉ የተነቀለ ይመስለዋልና መላኩን ያቆማል። ሞኒተሩ ሲግናል ካልመጣልኝ አልነሣም ይላል፣ ኮምፒውተሩም ሞኒተር ካላየሁ አልክም ይላል፤ በር ላይ ቆመው «አንተ ቅደም፣ የለም አንተ ቅደም» ሲባባሉ የሚውሉ ሰዎችን ይመስላሉ። በዚህ ላይ ኢንፑትን (ምስሉ የሚመጣበትን ሶኬት) በራሱ የሚፈልገው ሴቲንግ ሲጨመር ነገሩ ይብሳል፤ ሞኒተሩ ለአፍታ ነቅቶ ሁለቱን ኤችዲኤምአይ ሲቃኝ ይቆይና፣ ዲስፕሌይፖርቱ ጋ ሲደርስ ግንኙነቱ ሳይጠናቀቅ ተስፋ ቆርጦ ይተኛል።

መፍትሔው ሜኑው ውስጥ፣ ቋንቋ ከሚቀየርበት ገጽ በታች የተደበቀ አንድ መስመር ነበር፤ «ዲፒ ዲፕ ስሊፕ» ይላል (ዲፒ የዲስፕሌይፖርት ምኅጻር ነው)፣ ከፋብሪካ ሲወጣም የበራ ነው። እሱን አጠፋሁ፣ ኢንፑቱንም ዲስፕሌይፖርት ላይ ብቻ እንዲጸና አደረግኩ። ከዚያ ወዲህ ማውሱን ስነካው ምስሉ ይመጣል። መመሪያው ስለዚህ ሴቲንግ የሚለው «ኃይል ይቆጥባል» ብቻ ነው። ቁጠባውን አልቃወምም፤ የአውሮፓ ኅብረትን የመሰሉ ሕግ አውጪዎች ስታንድባይ ላይ የሚባክነውን ኃይል በግማሽ ዋት ስለገደቡት አምራቹ ምክንያት አለው። የምቃወመው፣ ስክሪኑን ሊያሳውር የሚችል ሴቲንግ ስለ አደጋው አንዲት ቃል ሳይጻፍለት መተውን ነው። «ሁሉም ሞኒተር እንዲህ ነው» ለሚለኝ ሻጭ፣ ሁሉም ከሆነ ሁሉም ይጻፍበት እለዋለሁ።

በመግዛቴ አልጸጸትም፤ ከሳምንታት በፊት ብጠየቅ ግን መልሴ ሌላ ይሆን ነበር። ለሌላ ሰው ምረጥ ብባልም ይህንኑ እመርጣለሁ፣ ነገር ግን ገና ከካርቶኑ ወጥቶ እንደበራ ያችን መስመር አጠፋለሁ። የቀለም ሴቲንግ ተበላሽቶበት ሞኒተሩን ወደ ፋብሪካው ሁኔታ የሚመልስ ሰውም ወደዚያው ገጽ ይመለስ፤ ዲፕ ስሊፕ አብሮ ይበራልና።