ጊምፕ ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ ከውሻ ፎቶ ላይ ሰንሰለትና ጀሪካን ማጥፋት

ጊምፕ በነጻ የሚገኝ የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም ነው፤ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ 4 ጊጋ ራም ባለው አሮጌ ላፕቶፕም ይሠራል። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ለሚውልበት የጅማ ተጠቃሚ ይህ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። የቤት እንስሳት ፎቶ ለወራት ሲታረምበት የታየው ግን እንዲህ ነው፦ ጀርባውን ማጽዳት የደቂቃዎች ሥራ ሲሆን፣ ፀጉር የነካ ነገር ግን ትዕግሥት ይፈታተናል።

መጀመሪያ ሺፍት፣ ኮንትሮልና ዲ አንድ ላይ ተጭናችሁ ሌየሩን (ፎቶው ያለበትን ንጣፍ) አባዙት፤ ዋናው ፎቶ ሳይነካ ከሥር ይቀመጣል። ኤች ስትጫኑ ሂል የሚባለው ብሩሽ ይመጣል። ኮንትሮል ይዛችሁ ንጹሕ ቦታ ላይ ክሊክ አድርጉ፤ ምንጩ ይህ ነው፤ ከዚያ የሚጠፋውን ቀቡት። የተሰጣ ቡና ላይ ያረፈ ፌስታል፣ ሣር ላይ የቀረ ጫማ፣ ቀይ አፈር ላይ የተጣለ የሸንኮራ ልጣጭ በዚህ ይለቃል፤ ዝብርቅርቅ ባለ ነገር ላይ ዓይን ስፌቱን አያገኝም። የቆርቆሮ አጥር ግን አይምርም፤ ሸንተረሩ በእኩል ርቀት ስለሚደጋገም ጥቂት ስትዛነፉ ያጋልጣል። እዚያ ላይ ሲ ተጭናችሁ ምንጩን እንዳለ ወደሚገለብጠው ብሩሽ፣ ወደ ክሎን ዙሩ፤ ምንጩን ከዚያው ሸንተረር ላይ ከፍ ወይም ዝቅ ብላችሁ ውሰዱ። አንዱ ጫፍ ላይ ክሊክ አድርጋችሁ ሺፍት ይዛችሁ ሌላውን ጫፍ ስትነኩ ቀጥ ያለ መስመር ይቀባላችኋል።

ሰንሰለት ደረትና አንገት ላይ ሲያልፍ ነው ዋናው ፈተና። ሂል ሸካራነቱን ከምንጩ ይወስድና ቀለሙን በምትቀቡት ቦታ ዙሪያ ካለው ጋር ያስማማል። ስለዚህ ብሩሹ የውሻውንና የአፈሩን ድንበር ሲነካ የአፈሩ ቅላት ወደ ፀጉሩ ይፈስና ጭቃ የመሰለ እድፍ ይቀራል። መፍትሔው ድንበሩን በክሎን፣ መካከሉን በሂል መሥራት ነው። ሙሉ መጠን ባለው የስልክ ፎቶ ላይ ብሩሹን ከ8 እስከ 15 ፒክስል፣ ሃርድነሱን (የብሩሹን ጠርዝ ጥንካሬ) 50፣ ኦፓሲቲውን (የቀለሙን ድፍነት) 70 አካባቢ አድርጉ። ምንጩ ፀጉሩ ወደዚያው አቅጣጫ የተኛበት፣ ብርሃኑም ከዚያው ወገን የመጣበት ቦታ ይሁን፤ በየሦስት አራት ጭረቱም ቀይሩት። ካልቀየራችሁት ያው ቁንጮ ሦስት ቦታ ተደግሞ ይታያል። የአንገት ማሰሪያውን ራሱን ባትነኩት ይሻላል፤ ከሥሩ ያለው ፀጉር የተጨፈለቀ ስለሆነ ከየትም አይገለበጥም፣ መፈልሰፍ ነው የሚሆነው።

ቢጫ ጀሪካን ሁለት ነገር ትቶ ይሄዳል። አንዱ ጥላው ነው፤ ብዙ ሰው ዕቃውን አጥፍቶ ጥላውን ይረሳል። ሁለተኛው ነጭ ፀጉር ላይ የጣለው ቢጫነት ነው። ለዚህ አዲስ ሌየር ክፈቱ፤ ሞዱን (ከሥሩ ካለው ሌየር ጋር የሚዋሃድበትን መንገድ) ኤችኤስኤል ከለር አድርጉት፤ ካልቀላ ካልቢጨ ፀጉር ላይ ቀለም ወስዳችሁ በ20 ኦፓሲቲ ቀስ እያላችሁ ቀቡ። የፀጉሩ ብርሃንና ጥላ ሳይለወጥ ቀለሙ ብቻ ይስተካከላል።

የማይወደደው ጠባዩ፣ በየመሐሉ ሥራውን በራሱ ሴቭ አለማድረጉ ነው። ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ ላይ መብራት ጥፍት ሲል የተሠራው ሁሉ አብሮ ይሄዳል፤ ኮንትሮልና ኤስን በየጊዜው መጫን ልማድ ይሁን። ሴቭ ሲባል የሚያወጣው ኤክስሲኤፍ የሚባል የራሱን ፋይል ነው፤ ፎቶ ቤት የሚቀበለውን ጄፔግ ለማግኘት ኤክስፖርት ማለት ያስፈልጋል። ጥራቱ 90 ላይ ተቀምጦ ይመጣል፤ ፀጉር ላለበት ፎቶ ወደ 95 ከፍ አድርጉት።

ለአንዲት ቅጠል ወይም ጭራሮ ከሆነ ላፕቶፕ መክፈት አያስፈልግም፤ ስልክ ላይ ስናፕሲድ የሚባለው የፎቶ ማረሚያ መተግበሪያ ይበቃል።

10 በ15 ሴንቲ ሜትር ለማሳተም 1200 በ1800 ፒክስል ያህል ይበቃል። ፎቶውን ከሌላ ሰው የምትቀበሉ ከሆነ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክላችሁ፤ ተጨምቆ የመጣ ፎቶ ፀጉሩ አስቀድሞ ስለተድበሰበሰ ክሎን የሚገለብጠው ነገር ያጣል።